ኤድዋር ሉካስና 39 አሃዞች ያሉት ብቸኛ ቁጥር

ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከዚህ ብያኔ የተነሣ፣ የአንድን ቁጥር ብቸኛነት ማረጋገጥና አካፋዮቹን መፈለግ ለብዙ ዘመናት እንደ አንድ ሥራ ሲቆጠሩ ኖረዋል። ቁጥሩን በትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች በየተራ ማካፈል፣ አንዳቸውም ያለ ቀሪ እንደማያካፍሉት ማሳየት፣ ከዚያም መደምደም የተለመደው መንገድ ነበር። እነዚህን ሁለት ሥራዎች በግልጽ የለያያቸው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካስ ነው። ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። ቁጥሩ በሙሉ ሲጻፍ 170141183460469231731687303715884105727 ሲሆን 39 አሃዞች አሉት። ለ75 ዓመታትም ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ጽሑፍ የሉካስን ሕይወትና ወደዚህ ውጤት ያደረሰውን መንገድ በአጭሩ ይዳስሳል። ትኩረቱም ሉካስ አካፋይን የመፈለግ ጥያቄን በሌላ ጥያቄ እንዴት እንደተካና የተወውን የማረጋገጫ ክፍተት ሌሎች እንዴት እንደሞሉት ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድ፣ ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራ

ፍራንሷ ኤድዋር አናቶል ሉካስ ኤፕሪል 4 ቀን 1842 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በአሚየን ከተማ ተወለደ። በ1861 የሀገሪቱን ሁለት ታላላቅ ተቋማት የኤኮል ፖሊቴክኒክንና የኤኮል ኖርማል ሱፔሪየርን የመግቢያ ፈተና አልፎ ሁለተኛውን መረጠ። ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ በፓሪስ የሥነ ፈለክ መመልከቻ በኡርባን ለ ቬሪዬ ሥር ተቀጠረ። ለ ቬሪዬ የኔፕቱንን ቦታ ፕላኔቷ በመነጽር ከመታየቷ በፊት በስሌት ብቻ በመተንበዩ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። የመመልከቻው የዕለት ተዕለት ሥራ ረጃጅም ስሌቶችን በእጅ መሥራት ስለነበር፣ ለወጣቱ ሉካስ የትዕግሥትና የጥንቃቄ ትምህርት ቤት እንደሆነው መገመት አያስቸግርም።

ከ1870 እስከ 1871 በተካሄደው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሉካስ በመድፈኛ ክፍል መኮንንነት አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መምህርነት ተመልሶ ከ1872 ጀምሮ በመካከለኛው ፈረንሳይ በሙላን ከተማ ሊሴ አስተማረ። ከ1876 በኋላ ወደ ፓሪስ ተዛውሮ በሊሴ ሻርለማኝና በሊሴ ሴን ሉዊ የሒሳብ መምህር ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሳይዝ ዕድሜውን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል አሳለፈ። ይህ የሥራ ቦታው ምርምሮቹ በዘመኑ በነበራቸው ተሰሚነት ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩ የሚጠበቅ ነው።

በ1875 ያቀረበው አንድ ጥያቄ የአስተሳሰቡን ጠባይ አስቀድሞ ያሳያል። የመድፍ ጥይቶች አራት ማዕዘን መሠረት ባለው ፒራሚድ ቅርጽ ቢከመሩ፣ ጠቅላላ ብዛታቸው ራሱ የአንድ ሙሉ ቁጥር ዳግም ርቢ የሚሆነው መቼ ነው? 24 ደርቦች ያሉት ክምር 4900 ጥይቶች ይይዛል፤ 4900 ደግሞ 70 በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ሉካስ አንድ ጥይት ብቻ ካለበት ቀላል ሁኔታ በቀር ከዚህ ሌላ መልስ እንደሌለ ተናገረ። አባባሉ ትክክል ነበር፤ የተሟላ ማረጋገጫ ያገኘው ግን በ1918 በእንግሊዛዊው ዋትሰን ሥራ ነው። እውነቱን አስቀድሞ ማየት፣ ማረጋገጫውን ግን ለሌሎች መተው በሉካስ ሥራ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው።

ከመርሴን የተወረሰው ጥያቄ

ከ2 ርቢዎች 1 በመቀነስ የሚገኙ ቁጥሮች ታሪክ ከዩክሊድ ይጀምራል። ዩክሊድ እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ ሲሆን ከእርሱ አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚገኝ አሳይቷል። ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮች ሲደመሩ መልሰው ቁጥሩን የሚሰጡ ነው። 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ስለሆነ ፍጹም ነው፤ 28ም እንዲሁ። ቁጥሩ ብቸኛ እንዲሆን አርቢው ራሱ ብቸኛ መሆን አለበት፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። 11 ብቸኛ ቢሆንም 2¹¹ − 1 ማለትም 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

በ1644 ፈረንሳዊው መነኩሴ ማራን መርሴን እስከ 257 ካሉት አርቢዎች መካከል ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ እንደሆኑ ጻፈ። በዘመኑ ከዝርዝሩ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች የመመርመር አቅም ያለው ሰው አልነበረም። በ1772 ሊዮንሃርድ ኦይለር 2³¹ − 1 ማለትም 2147483647 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። የኦይለር ዘዴ በመሠረቱ የቀድሞው የማካፈል ዘዴ ነው። ልዩነቱ አካፋይ ሊሆን የሚችለው ቁጥር ማሟላት ያለበትን ቅርጽ አስቀድሞ በማወቅ አብዛኞቹን ያለ ስሌት ማስወገዱ ነው።

ይኸው ዘዴ ለ2¹²⁷ − 1 የማይበቃበትን ምክንያት በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የዚህ ቁጥር ማናቸውም ብቸኛ አካፋይ ለ254 ሲካፈል ቀሪው 1፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። ፍለጋውም እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር ድረስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እነዚህ ሁሉ ገደቦች ተጥለውም እንኳ ሊሞከሩ የሚገባቸው ቁጥሮች ከ25 ሚሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ። በየሰከንዱ አንድ ሙከራ ያለ ዕረፍት ቢደረግ ሥራው 800 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የበለጠ ትጋት ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ነበር።

ከፊቦናቺ ድርድር እስከ መፈተኛው

ሉካስ ያንን ጥያቄ ያገኘው ከብቸኛ ቁጥሮች የራቀ በሚመስል ቦታ ነው። በ1202 ሊዮናርዶ ዘፒሳ በጻፈው የስሌት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥንቸሎች መራባት የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ አለ። መልሱ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21 እያለ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር የሆነበትን ድርድር ይሰጣል። የፊቦናቺ ድርድር የሚለው ስያሜ እንዲጸና ያደረገው ሉካስ ነው። ከጎኑም 1፣ 3፣ 4፣ 7፣ 11፣ 18፣ 29፣ 47 እያለ በዚያው ሕግ የሚቀጥል ተጓዳኝ ድርድር መረመረ፤ ይህኛው ዛሬ በእርሱ ስም የሉካስ ድርድር ይባላል።

ሉካስ በፊቦናቺ ድርድር ውስጥ ያስተዋለው ዋና ነገር ብቸኛ ቁጥሮች በአካፋይነት የሚገኙበት ሥርዓት ነው። 3 ለመጀመሪያ ጊዜ አካፋይ የሚሆነው በ4ኛው፣ 7 በ8ኛው፣ 11 ደግሞ በ10ኛው ቦታ ላለው ቁጥር ነው። በጠቅላላው ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በድርድሩ ውስጥ በአካፋይነት ለመገኘት ከራሱ በ1 ከሚበልጠው ቦታ አይዘገይም። በአንድ ቦታ ከተገኘ በኋላም የሚደጋገመው በዚያ ቦታ ብዜቶች ላይ ብቻ ነው።

በተጓዳኙ ድርድር ውስጥ ደግሞ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና እንዲህ እየተባዙ በሚሄዱት ቦታዎች ያሉት 3፣ 7፣ 47፣ 2207 ናቸው። እነዚህን ለማግኘት መላውን ድርድር መጻፍ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት ቀጣዩን ይሰጣል። የሉካስ መፈተኛ በዚህ ላይ ቆመ። አርቢው ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ከ3 ተነሥቶ በራስ ማባዛትና 2 መቀነስ፣ ውጤቱን በየደረጃው ለሚፈተነው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ ነው። ከአርቢው በአንድ በሚያንሰው ተራ ላይ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

አሠራሩ በትንሽ ምሳሌ ይታያል። አርቢው 7 ሲሆን የሚፈተነው ቁጥር 127 ነው። ድርድሩ 3፣ 7፣ 47 ብሎ ይጀምራል። ቀጣዩ 2207 ለ127 ሲካፈል 48 ይተርፋል። 48 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 2302 ይሆናል፤ ቀሪው 16 ነው። 16 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 254 ይሆናል፤ ይህም የ127 እጥፍ ስለሆነ በ6ኛው ተራ ቀሪው 0 ነው። ስለዚህ 127 ብቸኛ ነው። በአንጻሩ አርቢው 11 ሲሆን በ10ኛው ተራ የሚገኘው ቀሪ 1034 ነው። 2047 ብቸኛ አለመሆኑ 23ም ሆነ 89 ሳይነሡ ታወቀ ማለት ነው።

የመጨረሻው ቀሪ 0 መሆን ብቸኛነትን የሚያረጋግጥበት ምክንያትም አጭር ነው። 2¹²⁷ − 1ን በምሳሌነት ብንወስድ፣ ቀሪው 0 መሆኑ የቁጥሩ ማናቸውም ብቸኛ አካፋይ በፊቦናቺ ድርድር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው ልክ በ2¹²⁷ኛው ቦታ እንጂ ከዚያ በፊት እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ ብቸኛ ቁጥር ደግሞ ከራሱ በ1 ከሚበልጠው ቦታ ስለማይዘገይ፣ ያ አካፋይ ከ2¹²⁷ − 1 ሊያንስ አይችልም። ስለዚህ አካፋዩ ቁጥሩ ራሱ ነው፤ ሌላ አካፋይ የለውም።

የ1876 ውጤቶች

በጃንዋሪ 1876 ሉካስ ግኝቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በአጭር ማስታወሻ አቀረበ። 800 ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅ የነበረው ምርመራ 125 ጊዜ በራስ ወደማባዛት ወረደ። ሆኖም ይህም ቀላል ሥራ አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደረጃዎች በኋላ የሚባዙት ቁጥሮች እስከ 39 አሃዞች የሚደርሱ ሲሆን፣ ሁሉም በእጅ የሚሠሩ ነበሩ። በአንዱ ደረጃ ላይ የሚደረግ አንድ ስሕተት ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያበላሻል።

ሉካስ ድካሙን ለማቃለል ቁጥሮችን በሁለትዮሽ ሥርዓት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ መጻፍን መረጠ። ይህም 127 በ127 በሆነ የቼዝ መሰል ሰሌዳ ላይ ጠጠሮችን በማንቀሳቀስ ሊሠራ ይችላል። ጠጠር ያለበት ቤት 1ን፣ ባዶው ቤት 0ን ይወክላል። ለ2¹²⁷ − 1 አካፍሎ ቀሪውን ለማግኘት ማካፈል ራሱ አያስፈልግም፤ ከ127ኛው ቤት ያለፈው ጠጠር ወደ መጀመሪያው ቤት ተመልሶ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት እጅግ አድካሚው ክፍል ከጨዋታ ያልተለየ ሥራ ሆነ።

በዚያው ዓመት ሉካስ 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ እንዳልሆነ፣ በመሆኑም መርሴን በዚህ እንደተሳሳተ አሳየ። ከአካፋዮቹ ግን አንዱንም አልጠቀሰም፤ አያውቃቸውምም ነበር። ቁጥሩ የ193707721 እና የ761838257287 ብዜት መሆኑን አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ያሳየው በ1903 ነው። አንድ ቁጥር አካፋይ እንዳለው በእርግጠኝነት እየታወቀ አካፋዩ ለ27 ዓመታት ሳይገኝ ቀረ። ብቸኛነትን መፈተንና አካፋይን ማግኘት ክብደታቸው እጅግ የተለያየ ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን የሚያሳይ ቀደምት ማስረጃ ይህ ነው።

ሉካስ የዚህን ሥራ መሠረት በ1878 በአሜሪካ የሒሳብ ጆርናል የመጀመሪያ ቅጽ ላይ በሰፊው አወጣ። ጽሑፉ በሐሳብ የበለጸገ ቢሆንም ጉድለት ነበረበት። መፈተኛዎቹ በተለያየ መልክ ተደጋግመው ቀርበዋል፤ አንዳንዶቹ ስሕተት ነበረባቸው፤ ግዴታ የሆነው ሁኔታና በቂ የሆነው ሁኔታ ሁልጊዜ ተለይተው አልተቀመጡም። በዚህም ምክንያት የ39 አሃዙ ቁጥር ብቸኛነት ለጠንቃቃ አንባቢ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችል ነበር።

ጨዋታና የቁጥር ጥናት

በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ሉካስን ያስተዋወቀው ግን ሌላ ሥራ ነው። በ1883 የሃኖይ ማማ የተባለውን ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። በሳጥኑ ላይ የሠፈረው ስም የሊ ሱ ስቲያን ኮሌጅ መምህር የሆኑ ኤን ክላውስ ደ ሲያም የተባሉ ሰው ነበር። የሰውየው ስም በፈረንሳይኛ ፊደላቱ ሲገለባበጡ ሉካስ ዘአሚየን፣ የኮሌጁም ስም ሴን ሉዊ ይሆናል። ጨዋታው በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ሰባሪ ቀለበቶችን፣ ትልቁን በትንሹ ላይ ሳያስቀምጡ፣ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ዘንግ ማዛወር ነው።

ጨዋታው ከሉካስ ምርምር የተነጠለ አይደለም። የሚያስፈልገው አነስተኛ የእንቅስቃሴ ብዛት በቀለበቶቹ ቁጥር ልክ ከፍ ካለ የ2 ርቢ 1 የሚያንስ ነው። ለ3 ቀለበቶች 7፣ ለ5 ደግሞ 31 እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፤ 64 ቀለበቶች ቢሆኑ 18446744073709551615 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር፣ ሕፃናት በእንጨት ቀለበት የሚቆጥሩት መርሴን የዘረዘራቸውን ዓይነት ቁጥሮች ነው። 127 ቀለበቶች ያሉት ማማ ቢኖር የእንቅስቃሴዎቹ ብዛት ራሱ የ1876ቱ ብቸኛ ቁጥር በሆነ ነበር።

ሉካስ የሒሳብ ጨዋታዎችን በአራት ቅጾች ያሳተመ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ1882 እና በ1883፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከሞቱ በኋላ ወጥተዋል። የቁጥር ንድፈ ሐሳብ የተሰኘው መጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ በ1891 ታተመ፤ ሁለተኛው ሳይከተል ቀረ። ስሌትን በመሣሪያ የማገዝ ሐሳብም ይስበው ነበር። እርሱ ያቀረበውን ጥያቄ መነሻ አድርጎ የባቡር መሐንዲሱ ሄንሪ ጄናይ ያለ አእምሮ ስሌት ብዜትን ለማንበብ የሚያስችሉ ዘንጎችን ሠራ፤ ዘንጎቹም በሁለቱ ስም ይጠራሉ።

የማርሴይ ጉባኤና ሞት

በ1891 የፈረንሳይ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ በማርሴይ ተካሄደ። በዚያው ጉባኤ ጄናይ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመፈተን ያሰበውን፣ የአርቲሜቲክ ፒያኖ ያለውን መሣሪያ አቀረበ። ሉካስ በጠጠርና በሰሌዳ የጀመረው ሥራ ወደ መሣሪያ ሊሸጋገር የታሰበበት ጊዜ ነበር።

በጉባኤው ግብዣ ላይ ሳህኖች ወድቀው ሲሰበሩ አንዱ ስባሪ ተፈናጥሮ የሉካስን ጉንጭ ቆረጠው። ቁስሉ በወቅቱ ከባድ አልመሰለም ነበር። ነገር ግን ኤሪሲፔላስ ወደተባለ የቆዳ ኢንፌክሽን ተለወጠና ሉካስ ኦክቶበር 3 ቀን 1891 በፓሪስ ሞተ። ዕድሜው 49 ዓመት ነበር። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ለሞት ይዳርግ ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ሉካስ የተወው ክፍተት በሦስት አቅጣጫ ተሞላ። የመጀመሪያው የዝርዝሩ እርማት ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፔርቩሺን በ1883፣ ሉካስ በሕይወት ሳለ፣ 2⁶¹ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳይቶ ነበር። በ1911 እና በ1914 ደግሞ አርቢ 89 እና 107 ተጨመሩ። ሦስቱም መርሴን የዘለላቸው ነበሩ፤ በአንጻሩ እርሱ ያካተታቸው 67 እና 257 ትክክል እንዳልነበሩ ታወቀ። 127 ግን በቦታው ጸና፤ በ1914 ፈረንሳዊው ፎከምበርግ ብቸኛነቱን ዳግም አረጋገጠ።

ሁለተኛው የንድፈ ሐሳቡ መስተካከል ነው። በ1913 አሜሪካዊው ሮበርት ካርማይክል የሉካስን ውጤቶች እያረመና እያሰፋ በጥብቅ ማረጋገጫ አቀረበ። በ1930 ዴሪክ ሄንሪ ለመር ለሁሉም ከ2 በላይ ለሆኑ ብቸኛ አርቢዎች የሚያገለግል አንድ መልክ ሰጠው። መነሻው 3 መሆኑ ቀርቶ 4 ሆነ፤ በራስ ማባዛቱና 2 መቀነሱ ግን እንዳለ ቀጠለ። ዛሬ የሉካስና ለመር መፈተኛ የሚባለው ይህ ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያዎች መምጣት ነው። በ1951 ፈረንሳዊው ኤሜ ፌሪዬ በጠረጴዛ ላይ የስሌት መሣሪያ በመታገዝ 44 አሃዞች ያሉት ብቸኛ ቁጥር አገኘ፤ በዚያው ዓመት በኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር 79 አሃዞች ያሉት ተገኘ። በጃንዋሪ 1952 ራፋኤል ሮቢንሰን የሉካስና ለመርን መፈተኛ ለኮምፒውተር ጽፎ በአንድ ቀን ሁለት አዳዲስ የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮችን አገኘ፤ አርቢዎቻቸውም 521 እና 607 ናቸው። ከዚያ ወዲህ የትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ፍለጋ በአብዛኛው በዚሁ መፈተኛ ተመርቷል። በኦክቶበር 2024 የተገለጸውና 41,024,320 አሃዞች ያሉት 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ብቸኛነቱ በመጨረሻ የጸደቀው በሉካስና ለመር መፈተኛ ነው።

ማጠቃለያ

የሉካስ ሥራ ለዛሬ ተመራማሪ ሁለት ነገሮችን ያስተላልፋል። አንደኛው፣ ስለ አንድ ቁጥር ጠባይ እርግጠኛ ለመሆን ክፍሎቹን መዘርዘር ግድ አለመሆኑ ነው። በአሁኑ ዘመን ምሥጢር የሚጠብቁ ሥርዓቶች ከሚመኩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የክብደት ልዩነት ነው፤ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን መለየት ይቀላል፣ የብዜታቸውን አካፋዮች ማግኘት ግን ይከብዳል። ሁለተኛው የውጤትና የማረጋገጫ ግንኙነት ነው። ሉካስ በ1876 ያስታወቀው እውነት ነበር፤ ነገር ግን የሒሳብ ማኅበረሰብ የጋራ ዕውቀት ሆኖ እስኪጸና ድረስ የፎከምበርግ ዳግም ስሌት፣ የካርማይክል እርማትና የለመር ማረጋገጫ አስፈልገውታል። ለዚህም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። 2¹²⁷ − 1 እስከ ዛሬ ያለ ምንም የስሌት መሣሪያ፣ በሰው እጅ ብቻ ብቸኛነቱ የተረጋገጠ ትልቁ ቁጥር እንደሆነ ይታወቃል።